ጳጉሜን የተወለዱት ስድስት ሠራተኞች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሲስተምና የመሥሪያ ቤት ሥራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በደቡብ ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች በአንዱ የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዘጠኝ ሲስተም አለን፦ ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ ፋርማሲ፣ ገንዘብ ቤት፣ መድን፣ የሰው ኃይል፣ ደመወዝና ንብረት ክፍል። በተለያየ ዘመን ከተለያየ ድርጅት የተገዙ ናቸው። እርስ በርስ የሚገናኙት ከእኔ በፊት የነበሩ ልጆች በጻፏቸው አሥራ አራት ትንንሽ ፕሮግራሞችና በየማታው በፍላሽ በሚወሰድ የኤክሴል ፋይል ነው። አንዱን ሲስተም አፕዴት ባደረግን ቁጥር ሁለት ሦስቱ ይቆማሉ፤ በሽተኛው መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ይባላል። አለቃዬ «ሁሉንም ጥለን አንድ ትልቅ ሲስተም እንግዛ» ይላሉ። አንድ ቬንደር ደግሞ «ኢንተርፕራይዝ ሰርቪስ ባስ ግዙና ሁሉንም እሱ ላይ ሰኩት» ይለናል። ኤስ ኦ ኤ የሚባለው ይኸ ነው ወይ? ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ? ዕድሜዬ ከልጅዎ ስለማይበልጥ «አንተ» ይበሉኝ። — መ. ከደቡብ

መልስ፦ እሺ ልጄ፣ አንተ እልሃለሁ። ከሁለቱ በአንዱም አትጀምር። ለምን እንደምልህ ግን ከመዝገብ ቤት ተነሥቼ ላስረዳህ።

አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተዋል። ትምህርት ሲዘጋ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። መዝገብ ቤቱ ከእንጨት የተሠራች አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረችው። ፋይል የፈለገ ሁሉ፣ የመምሪያ ኃላፊም ቢሆን፣ መጠየቂያ ወረቀት ሞልቶ በመስኮቷ ያስገባል። አባቴ ፋይሉን ያወጣሉ፣ በመውጫ መዝገቡ ላይ ያስፈርማሉ፣ ይሰጣሉ። ወደ ውስጥ ዘልቆ ከመደርደሪያ የሚያነሣ አልነበረም። አንድ ክረምት መደርደሪያዎቹ በሙሉ ከፊደል ተራ ወደ ቁጥር ተራ ተዛወሩ። እኔም አቧራ በማራገፍ አግዤአለሁ። ከመስኮቷ ውጭ ያለ ሰው ግን ለውጡን አላወቀም። መጠየቂያው ያው መጠየቂያ፣ መስኮቷም ያቺው መስኮት ነበረች።

ኤስ ኦ ኤ፣ በአማርኛ አገልግሎት ተኮር አርክቴክቸር፣ ማለት ይህ ነው። እያንዳንዱ ሲስተም የራሱ መዝገብ ቤት ይሆናል፤ ዳታቤዙ ከውስጥ ይቀራል፤ ለውጭ የሚከፈተው መስኮት ብቻ ነው። ምን ተብሎ እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመለስ አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ይኖራል፤ ማን መቼ ምን እንደጠየቀም ይመዘገባል። የእናንተ አሥራ አራት ፕሮግራሞች በጓሮ በር ገብተው ከመደርደሪያ የሚያነሡ ናቸው። የላብራቶሪው ቬንደር የአንድ ሠንጠረዥ ስም ሲቀይር ገንዘብ ቤት የሚወድቀው ለዚህ ነው። ቬንደሩ ጥፋት የለበትም፤ የራሱን መደርደሪያ ነው ያስተካከለው።

ሂሳቡንም ለአለቃህ አሳያቸው። ዘጠኝ ሲስተም እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ቢያያዝ 36 መስመር ይሆናል፤ አሥረኛው ሲመጣ 45። አገራችን ይህን በባንኮች አይታዋለች። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም አልሠራም ሲል የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ሃያ ባንኮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገናኙ ቢባል 190 ውልና 190 መስመር በተጠየቀ ነበር። የባንኮቹ የጋራ ኩባንያ ኢትስዊች በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2016 ሥራ ሲጀምር ባንኮቹ ወደ አንድ መጋጠሚያ መጡ፣ በአንድ ዓይነት መልእክትም ተስማሙ። መጋጠሚያው ትልቅ ነገር ነው። ያለ ስምምነቱ ግን ሽቦ ብቻ ይሆን ነበር።

ቬንደሩ የሚሸጥልህ ባስም መጋጠሚያ ነው። መልእክት ያደርሳል፣ የአንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው ይቀይራል፣ ተቀባዩ ሲዘጋ ይዞ ያቆያል። ጥሩ ተላላኪ ነው። ተላላኪ ግን የያዘው ደብዳቤ ውስጥ ያለው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ባንክ ውስጥ ስሠራ ነው፤ በደንብ እንድታየው ሳላሳጥር እነግርሃለሁ።

ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነበር። አንድ የቅርንጫፍ ሾፌር አራት ቦታ ያጠፏትን ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። የጡረታ መውጫ ማስታወቂያ ነበር። «እህቴ፣ እኔ ገና ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤት ያሉ ሦስት ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ፋይላቸውን አስወጣሁ። የተወለዱት ጳጉሜን 3 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1960። የሰው ኃይል ሲስተሙ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 3/13/1952 ብሎ በትክክል ይዞታል። በመካከል ያለው ፕሮግራም የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ይለውጣል፤ የጻፈው ልጅ ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር ያሰበው። ወሩ 13 ሲሆንበት ሳይለውጥ እንዳለ አሳለፈው። የደመወዙ ሲስተም ደግሞ ወርን ከቀን የሚያስቀድም ስለነበር 3/13/1952ን «ማርች 13 ቀን 1952 እ.ኤ.አ.» ብሎ አነበበው። ቀን የሚመስል ቀን ነውና ስሕተት የሚል መልእክት አልመጣም። ሰውየው በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት ተኩል አረጁ፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸውም ሦስት ወር ቀራቸው።

ስንፈትሽ ጳጉሜን የተወለዱ ስድስት ሠራተኞች አገኘን፤ የስድስቱም ልደት እንዲሁ ተዛብቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በልልኝ። ደመወዙ ላይ አስተካከልን፤ ማታ የሚመጣው ፋይል መልሶ አበላሸው። ፋይሉን አስተካከልን፤ የብድርና የጡረታ መዋጮ ሲስተሞች የየራሳቸው ቅጂ ነበራቸውና አሮጌውን ልደት ይዘው ቀሩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ያኔ ባስ ነበረን፤ ያውም በውድ የተገዛ። መልእክቱን አንዲት ፊደል ሳያጎድል ነው ያደረሰው። የጎደለው ሌላ ነበር፦ የአንድ ሠራተኛ የልደት ቀን የማን ነው? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአራት ቦታ ተጽፏል፣ በአራቱም ቦታ ባለቤት የለውም።

መፍትሔው አንድ መስኮት ሆነ። የልደት ቀን ባለቤት የሰው ኃይል ክፍል እንዲሆን ተፈረመ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይጠይቃል እንጂ አይጽፍም። በመስኮቱ የሚወጣው ቀን ዓመቱ ቀድሞ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ ሆኖ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይወጣል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ሰው በሚያየው ስክሪን ላይ፣ በአንድ ቦታ በተጻፈ አንድ ፕሮግራም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 መሆኗም እዚያው አንድ ቦታ ተጻፈ። ሾፌሩ እስከ ጡረታቸው ሠሩ።

እና ልጄ፣ ሥራህን በወረቀት ጀምር። የበሽተኛው ስም፣ የልደት ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ክምችት፣ የአገልግሎት ዋጋ፦ እያንዳንዱን ጻፍና ከጎኑ የባለቤቱን ክፍል ስም አድርግ፤ የአይቲ ክፍልን ግን አታድርግ። የክፍል ኃላፊዎቹን አስቀምጠህ አስፈርማቸው። ይጨቃጨቃሉ። በተለይ ዋጋ ላይ ፋርማሲና ገንዘብ ቤት አይስማሙም፤ ጭቅጭቁ ዛሬም አለ፣ አሁን ግን የሚፈታው መስኮቱ ላይ በቆመው በሽተኛ ኪሳራ ነው።

ከዚያ አንድ መስኮት ክፈት፤ የበሽተኛ ማንነት። ባለቤቱ ካርድ ክፍል ነው። ላብራቶሪውም ፋርማሲውም በካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ስም፣ ፆታና የልደት ቀን ይመለስላቸዋል። የፋይዳ ቁጥርንም፣ 12 አኃዝ ያለውን፣ አብረህ ያዝ፤ የካርድ ቁጥሩን ግን አትተካበት። በድንገተኛ የመጣ ሰው መታወቂያ ይዞ አይመጣም፤ ዛሬ ጠዋት የተወለደ ሕፃንም ቁጥር የለውም። ለስም ደግሞ ሦስት ቦታ ይኑርህ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከውጭ የተሠራ ሲስተም የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና አባትና ልጅን በሁለት ቤተሰብ ይከፍላቸዋል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብላ ሦስት ጊዜ የተመዘገበች እናትም አትጠፋም። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። መዝገቦቹን ማዋሐድ ግን በፍጹም ለኮምፒውተር አትተው። ካርዱን በእጁ የያዘ ሰው አይቶ ይወስን፤ የሌላ ሰው የደም ዓይነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም። የቆየ ዳታ ካላችሁ በድሮ ፎንት ተጽፎ እንደሆነ አስቀድመህ እይ፤ በአዲሱ ሲስተም የሚነበብ ነገር አይሆንም።

ከአሥራ አራቱ ፕሮግራሞች ቶሎ ቶሎ የሚወድቀውን አንዱን መርጠህ በዚህ መስኮት ተካው። አሮጌውን ወዲያው አታጥፋ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱና መልሳቸው አንድ መሆኑን አንድ ወር ሙሉ አመሳክር። ከዚያ ሁለተኛው። መጠየቂያው ላይ አዲስ ሣጥን መጨመር ይቻላል፤ የነበረውን ትርጉም መለወጥ ግን አይቻልም። የግድ ከሆነ ከአሮጌው መስኮት ጎን አዲስ መስኮት ትከፍታለህ፣ ጠያቂዎቹ እስኪዛወሩም ቀን ትሰጣቸዋለህ። መውጫ መዝገቡን አትርሳ፤ ማን የማንን ካርድ እንዳየ ይጻፍ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፤ የሰው ሕመም ደግሞ ከሰው ገመና ሁሉ የበለጠ ነው።

አለቃህ አንድ ሲስተም መመኘታቸውን አልነቅፍም። ግን አንዱን ቢገዙም ሪፖርት ለጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው የጤና ሪፖርት ሲስተም ይሄዳል፣ መድኑ ውጭ ነው፣ ባንኩ ውጭ ነው፤ መስኮት ከመክፈት አያመልጡም። በጨረታ ሰነዱ ላይ ግን ይህን አስገቡ፦ የሚገዛው ሲስተም ኤች ኤል ሰባት በሚባለው የሕክምና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ፣ በተለይ ፋየር በሚባለው፣ እንዲጠይቅና እንዲመልስ፤ የመስኮቶቹ ሙሉ ሰነድ እንዲሰጣችሁ፤ ዳታው የሆስፒታሉ እንዲሆን። ይህ ያልተጻፈበት ውል ከቬንደሩ ጋር ዕድሜ ልክ ያስራችኋል።

ይህ በአገር ደረጃ መሠራቱን ማየት ከፈለግህ ኢስቶኒያን አጥና። ኤክስ-ሮድ በሚሉት የመረጃ መለዋወጫ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራሉ። በመካከል ሁሉን የሚሰበስብ ትልቅ ዳታቤዝ የለም፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ በራሱ ቤት ያኖራል። በየደጃፉ የጥበቃ ሰርቨር አለ፦ መልእክቱን ያመሰጥራል፣ በዲጂታል ማኅተም ይፈርማል፣ ሰዓቱን መዝግቦ ያስቀምጣል። እኔን ከቴክኖሎጂው ይበልጥ የሚገርመኝ ሕጋቸው ነው፤ ያው መረጃ የሚሰበሰብበት ሌላ ዳታቤዝ ማቋቋም ይከለክላል። የአንድ ነገር ባለቤት አንድ ይሁን ብለው በሕግ ጻፉት። ከዚያ ፊንላንድ ተቀበለችው፤ በ2017 ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚያስተዳድረውን ተቋም መሠረቱ። የፕሮግራሙ ኮድም ለማንም ክፍት ነው።

በአማዞንም በ2002 እ.ኤ.አ. አካባቢ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ ቡድኖች ሁሉ በአገልግሎት መስኮት ብቻ እንዲገናኙ፣ የሌላውን ቡድን ዳታቤዝ በቀጥታ ማንበብ እንዲቀር ማዘዛቸውን፣ እዚያ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ዬጊ በ2011 ጽፎታል። በየትኛው ቴክኖሎጂ ይሁን የሚለው ግድ አልነበራቸውም። ይህን ለአለቃህ ንገራቸው፤ የግዢ ጥያቄ ከማቅረብህ በፊት አንድ ገጽ ደንብ ይፈርሙልህ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ስቶክሆልም የሶፍትዌር ሠራተኛ ነኝ። እኛ የምንሠራው በማይክሮሰርቪስ ነው፤ ኤስ ኦ ኤ እዚህ የድሮ ነገር ተብሎ ተትቷል። አገር ቤት ያሉ ወንድሞቼን ስለ ሞተ ነገር ለምን ታስተምሯቸዋላችሁ? — አንባቢ

መልስ፦ ቃሉ ማርጀቱን እቀበላለሁ። ጋርትነር የተባለው የቴክኖሎጂ ጥናት ኩባንያ ተንታኞች በ1996 እ.ኤ.አ. አነሡት፤ ከዚያ የመልእክትና የስምምነት አጻጻፍ ደንቦቹ ሶፕና ደብሊው ኤስ ዲ ኤል መጡ፣ እነሱ የሚጻፉበት ገጽ በገጽ የሚቆጠር ኤክስ ኤም ኤል መጣ፣ ባስ የሚሸጡ ኩባንያዎች መጡ። የዘርፉ ተንታኝ አን ቶማስ ሜንስ በ2009 መጀመሪያ «ሞቷል» ብላ ስትጽፍ ግን አገልግሎቶቹ ይኖራሉ ማለቷንም አብረው ያንብቡ። የሞተው ባስ ገዝቶ ባለቤት ሳይሰይሙ መቅረት ነው፤ እኔም አላዝንለትም።

እርስዎ የሚሠሩበትና የደቡቡ ልጅ ያለበት ቦታ ይለያያል። ማይክሮሰርቪስ በአብዛኛው አንድ ድርጅት ራሱ የሚጽፈውን አንድ ምርት ከፋፍሎ ለየቡድኑ መስጫ ነው። እሱ ያለው ደግሞ ከውስጥ ሊነካቸው የማይችላቸው የተገዙ ዘጠኝ ሲስተሞች ናቸው። በሦስት የአይቲ ሠራተኛ አርባ ማይክሮሰርቪስ ቢያሠሩት ሌሊት የሚነሣለት ሰው አያገኝም። ቀለል ያሉትን አዳዲስ የመጠየቂያና የመልስ አጻጻፎች፣ ሬስትና ጄሰንን፣ ይጠቀም ከሆነ እስማማለሁ፤ አዲስ መስኮት ሲከፍት እንደዚያ ይክፈት። በሶፕ የሚሠራ ደህና መስኮት ካለው ግን አይንካው። እርስዎ ክረምት ላይ ሲመጡ አንድ ሳምንት አብረውት ቢቀመጡ ከእኔ መልስ የበለጠ ይረዱታል፤ ከልቤ ነው የምለምንዎ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኞቻችን በሞባይል ይከፍላሉ፤ ክፍያው ወደ እኛ ሲስተም ይመጣል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይገባል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይገባም። የወር መጨረሻ እስከ እኩለ ሌሊት ወረቀት እናመሳክራለን። የሲስተም ልጆቹ «ኔትወርኩ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው? — ሂ. ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። መብራትና ኔትወርክ ይቋረጣል፤ እሱን እርስዎም እነሱም አታስቀሩትም። ሲቋረጥ ምን ይሁን የሚለውን ግን መወሰን የእነሱ ሥራ ነው።

ላኪው ክፍያውን ልኮ መልስ ሲያጣ መልእክቱ መንገድ ላይ ይጥፋ፣ ወይስ ደርሶ መልሱ ይጥፋ ማወቂያ የለውም። ስለዚህ ደግሞ መላክ አለበት፤ ካልላከ የደንበኛው ክፍያ ይጠፋል። ደግሞ ሲልክ ግን ተቀባዩ ሁለት ክፍያ አድርጎ እንዳይቆጥረው መለያ ያስፈልገዋል። መለያው ደንበኛው «ክፈል» ሲል እዚያው በላኪው ዘንድ የሚፈጠር ቁጥር ነው፤ አሥር ጊዜ ቢላክም ቁጥሩ አይቀየርም። የእናንተ ሲስተም ያን ቁጥር ከዚህ በፊት አይቶት ከሆነ ገንዘቡን ሳይመዘግብ የመጀመሪያውን መልስ ይደግምለታል። ብዙ ቦታ ያየሁት ስሕተት በእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ቁጥር መፍጠር ነው፤ ያኔ ሁለቱ እንደ ሁለት ሰው ክፍያ ይገባሉ። ተቀባዩ የተዘጋ እንደሆነ ደግሞ መልእክቱ በዲስክ ላይ ተጽፎ ወረፋ ይያዝ፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል።

ማመሳከሩን በወር መጨረሻ አታድርጉት፤ በየቀኑ ሁለቱም ወገን የቁጥሮቹን ዝርዝር ይላላኩ፣ በአንዱ ያለና በሌላው የሌለው ብቻ ተለይቶ ወደ እርስዎ ይምጣ። «ቀን» ማለት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም በጽሑፍ ይስማሙ። ደንበኛው ከሌሊቱ 5:50 ከፍሎ መልእክቱ 6:10 ላይ ከደረሳችሁ በእነሱ መዝገብ የትናንት፣ በእናንተ የዛሬ ነው። የሚቆጠረው ደንበኛው የከፈለበት ሰዓት ይሁን። ሁለቱም ሰዓት ግን ይመዝገብ።

ነገ ጠዋት የሲስተም ልጆቹን ጠርተው አንድ የተከፈለ ክፍያ ሁለተኛ እንዲልኩ ያድርጉና ስክሪኑን አብረው ይመልከቱ። መምጣት ያለበት መልስ «ይህ ክፍያ ቀድሞ ደርሶናል፤ የደረሰኝ ቁጥሩ ይኸው» የሚል ነው።